አማቴ ጣልያኑ ሱቅ የገቡ ዕለት

መቼም ሰው አንድ አመል አያጣም። አንዱ ሲተኛ ያንኮራፋል፤ አንዱ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ኳስ ያወራል። የእኔ አመል «ለእኔ ተዉት» ማለት ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ካየሁ «ለእኔ ተዉት» እላለሁ፤ ከዚያ ሰፈሩ ውኃ ያጣል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ምስሉ ሲደበዝዝ ካየሁ «ለእኔ ተዉት» እላለሁ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ሬዲዮ ሆኖ ይቀራል። ሚስቴ ምሕረት ይህን ስለምታውቅ ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የምታደርገው ከእኔ መደበቅ ነው። ታናሽ እህቷ ገነት ግን ገና በደንብ አላወቀችኝም ነበርና የዕድሜዋን ትልቅ ጉዳይ አምጥታ እጄ ላይ ጣለችው።

ጉዳዩ ፓኦሎ ነው። ፓኦሎ እኛ ሰፈር፣ አርባ ምንጭ ሴቻ፣ በልብስ ሰፊውና በፀጉር ቤቱ መካከል የጣልያን ምግብ መሸጫ የከፈተ ጣልያናዊ ነው። ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ፓስታ በቢራቢሮ መልክ፣ ፓስታ በዛጎል መልክ፣ ፓስታ በጆሮ መልክ፤ የወይራ ዘይት በጠርሙስ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የደረቀ ሥጋ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይብ። ለእኛ አይብ ማለት ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከጎመን ጋር የሚበላ ነገር ነው። የፓኦሎ አይብ ግን እንደ በርጩማ ክብ፣ እንደ በርጩማም ጠንካራ ነው። እንዲያውም አንዲት ጎረቤታችን ሱቁ በተከፈተ ሰሞን ገብተው ተቀምጠውበታል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

በጣልያንኛ በኩል ችግር ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጅነቴን ጋራዥ አጠገብ ነው ያሳለፍኩት። የመጀመሪያ ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁና «ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ!» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት። ሰውየው ቀና ብሎ በሐዘኔታ አየኝና በጠራ አማርኛ «መኪናህ ተበላሸ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ነው የምንግባባው።

ገነት ከከተማችን በላይ ተራራው ላይ ካለችው ጨንቻ ከገበሬው ወተት እየሰበሰበች ለፓኦሎ ታስረክባለች። መጀመሪያ ወተቱን አምጥታ ትመለስ ነበር። ቀጥሎ አይቡን አብራው መሥራት ጀመረች። ቀጥሎ አይቡ እስኪደርስ አብረው መጠበቅ ጀመሩ። ይህ አይብ ደግሞ ለመድረስ ወራት ነው የሚፈጅበት። ሁለት ወጣቶች ወራት ሙሉ አንድ አይብ ሥር ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ሌላ ነገር ሳይበስል ቢቀር ነበር የሚገርመው።

እንግዲህ ተዋደዱ። የቀረው አባትዬው ናቸው።

አማቴ አባባ ጋኔቦ ጨንቻ ላይ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የመሬት ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ አልፎ አልፎም የደም ነገር ይዞ ወደ እሳቸው የማይመጣ የለም። እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች ብቻቸውን አሳድገዋል፤ ገነት የመጨረሻዋ ናት። እሳቸው እምቢ ካሉ ገነት አታገባም፤ ይህን ራሷ እያለቀሰች ነግራኛለች። ፓኦሎም «እሷ ከሌለች እኔ አይብ ብቻዬን ምን እሠራለሁ? ሱቁን ዘግቼ አገሬ እገባለሁ» ብሏል። አባባ ስለ ጣልያኑ በተነገራቸው ጊዜ ደግሞ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። «ሰውን በወሬ አላውቅም። በደጁ ልየው» ብቻ አሉ።

ገነት ይህን ነግራኝ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለች። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ።

ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ፓኦሎን አሠለጠንኩት። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ በል አልኩት። ሁለት እጅህን ዘርጋ፣ ጎንበስ በል፣ «አንተ» እንዳትል፣ እግርህን እንዳታነባብር፣ ቀድመህ እንዳትቀመጥ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ጎንበስ ሲል እኔ ራሴ ሽማግሌ የሆንኩ እየመሰለኝ ልመርቀው ይቃጣኝ ነበር። ያልነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልነገርኩትም ስለረሳሁት አይደለም፤ የሚነገር ነገር መሆኑ ራሱ ትዝ ብሎኝ ስለማያውቅ ነው። ሰው «አየር ሳብ፣ መልሰህ አውጣ» ተብሎ ይመከራል?

የቀረው አሳማው ነበር። ፓኦሎ መስኮቱ ላይ አንድ በጨው ታሽቶ የደረቀ የአሳማ እግር ሰቅሏል፤ ለቱሪስትና ለአንዳንድ ደፋር የሰፈራችን ሰው የሚሸጠው። አባባ የጾሙን ቀን ሳያዛንፉ የሚኖሩ፣ አሳማም በደጃቸው የማያሳልፉ ሰው ናቸው። እኔም ለመምጫቸው ረቡዕንና ዓርብን ሸሽቼ ሐሙስን የመረጥኩት ጾሙን ብዬ ነው። «ይህ እግር ከዚህ ይጥፋ» አልኩት።

«ለምን?» አለ ፓኦሎ። «ለእሳቸው አልሰጥም። ለእሳቸው የበሬ አለኝ። እኔ መደበቅ አልወድም።»

«ለእኔ ተወው» አልኩት።

ማቀዝቀዣው በሩ መስታወት ነው። መሳቢያው አይበቃውም። በመጨረሻ የምሕረትን ነጠላ ከቤት አምጥቼ እግሩን በጥንቃቄ ጠቀለልኩት። ጓዳው ውስጥ እጅ መታጠቢያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ላይ አጋደምኩት። ተንከባሎ እንዳይወድቅ በትራስ አስደገፍኩት። ትንኝ እንዳያርፍበት የነጠላውን ጫፍ ከላይ ጣል አደረግኩበት። ምሕረት ነጠላዋ የት እንደዋለ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ አደራ።

አባባ ከጨንቻ በሚኒባስ ወርደው፣ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ በባጃጅ ወጥተው ደረሱ። ጨንቻ ብርድ ስለሆነ ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ያን ዕለት ፀሐይዋ ሰው ትጠብስ ነበር። ላባቸውን እየጠረጉ «ገነት ደኅና ነው?» አሉኝ። አባባ አማርኛ ሲናገሩ አንዳንዴ ወንድና ሴቱን ያቀላቅላሉ፤ በነገሩ ላይ ግን ተሳስተው አያውቁም። ጠዋት አልበሉም። በእርግጥ አልበሉም፤ ሰው ቤት የተጠራ ሰው ጠግቦ ይሄዳል እንዴ?

ፓኦሎ ብድግ አለ፣ ጎነበሰ፣ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ «እንደምን ዋሉ አባባ» አለ። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ እኔ ዞረው በግንባራቸው ብቻ «ይሁን» አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ወንበር ተሰጣቸው፤ ተቀመጡ። ፓኦሎ በእንጨት ሳህን አይብ ቆርሶ፣ ከጎኑ ትኩስ ዳቦ አድርጎ አቀረበላቸው።

«በቃኝ ልጄ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ አባባ።

«እሺ» አለ ፓኦሎ። ሳህኑንም አነሳው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር «በቃኝ» ማለት የንግግር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እንግዳው «በቃኝ» ይላል። አስተናጋጁ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «አፈር ስሆን፣ ጠግቤ ነው» ይላል። አስተናጋጁ «እኔ ልሙት፣ ካልበሉ አልወድዎትም» ይላል። በመጨረሻ እንግዳው እያዘነ፣ ለአስተናጋጁ ሕይወት ብቻ ሲል ሳህኑን ሙልጭ ያደርጋል። የፓኦሎ ሳህን ግን ሄደ። የአባባም ዓይን ተከትሎት ሄደ።

ፓኦሎ እንግዳው አይብ ያልወደዱ መስሎት ዳቦ ላይ ቲማቲምና የወይራ ዘይት አድርጎ መጣ።

«ተወው ልጄ፣ አትድከም» አሉ አባባ፣ ድምፃቸውን ትንሽ ለስለስ አድርገው፤ ማለትም በደንብ ለምነኝ ለማለት።

«እሺ አባባ» አለ ፓኦሎ በአክብሮት፣ ጎንበስ ብሎ። አነሳው።

እግሬን በጠረጴዛው ሥር ዘርግቼ ልረግጠው ሞከርኩ። የረገጥኩት አባባን ነው። ዝም ብለው አዩኝ። ሦስተኛው ሳህን መጣ፤ ስስ ሆኖ የተቆራረጠ የበሬ ቋንጣ፣ ሽታው አፍ ያርሳል። አባባ ምራቃቸውን ሲውጡ ጉሮሯቸው ሲነቃነቅ አየሁት። ሆኖም ሽማግሌ ናቸው፤ ከአንድ ዕድሜ ልማድ ጋር ሲታገሉ ቆይተው «ኧረ በቃኝ!» አሉ።

ሄደ። እኔ ፓኦሎን እጁን ይዤ ወደ ሚዛኑ ጎተትኩት።

«ለምናቸው እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ። «በሞቴ በል! ማል!»

«እምቢ አሉ እኮ።»

«እምቢ ማለት እምቢ አይደለም!»

«ታዲያ የእውነት እምቢ ለማለት ሲፈልጉ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ዞር ስል አባባ ተነሥተዋል። ፊታቸው ተለዋውጧል። ቂም የሚይዙ ሰው አይደሉም፤ ግን አንዴ እንኳ ያልተለመነ ሽማግሌ በገዛ ዓይኔ ሳይ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። «እጄን ልታጠብና ልሂድ» አሉ ወደ ጓዳው እያመሩ። ሚኒባሱ ላይ የያዛቸውን አቧራ ነው የሚታጠቡት፤ ሌላ የሚያስታጥብ ነገርማ አልነኩም።

ጓዳ! ሮጬ ስደርስ አባባ አግዳሚው ወንበር አጠገብ ቆመው ነጠላውን ያያሉ። ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ፤ ሽማግሌ ሕፃን ሲያይ እንዲያ ነው። እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። ነጠላውን ሊገልጡት ነው! የዚህን ጊዜ አንድ ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው?

«እሽሽ! አባባ፣ ተኝቷል!»

አላርፍ ያለች ጣት የምትሉት እኔን ነው። አባባ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወደ እኔ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የ... የሰው» አልኩ።

«የሰው መሆኑንማ አየሁ። የማን?»

እኔ የማላውቀው፣ ያልተወለደ፣ የአሳማ እግር ልጅ አባት ፍለጋ ጭንቅላቴ ሲዞር፣ አባባ በራሳቸው ሒሳብ የሆነ ቦታ ደረሱ። ሱቁን አዩ፤ ፓኦሎን አዩ፤ ወራት ሙሉ ከወተት ጋር የምትመላለስ ልጃቸውን አሰቡ። ከንፈራቸው ነጣ። ልክ በዚያች ደቂቃ ገነት የወተት ቢዶን ተሸክማ በጓሮ በር ገባች።

«አባ! መጡ?» አለች እየሳቀች። ቢዶኑን አስቀምጣ ጉልበታቸውን ሳመች። ወዲያው ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ። «ይህንን ማነው እዚህ ያስተኛው? በዚህ ሙቀት ይበላሻል እኮ!» አለችና ነጠላውን በአንድ እጇ በእግሩ በኩል ጨብጣ አነሣችው። ወደ ግድግዳው ሄደች። ቁልቁል ሜንጦ ላይ ሰቀለችው።

«በእግዚአብሔር!» ብለው አባባ ጮኹ። ጩኸታቸው ፀጉር ቤት ደርሶ አንድ ሰው ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ እየሮጠ መጣ። ነጠላው ተፈታ፤ ወደቀ። የአሳማው እግር ሰኮናው ወደ ላይ ሆኖ እንደ ልማዱ ተንጠለጠለ።

አባባ እግሩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ነጠላውን አዩ፤ ትራሱን አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አነሡና በሱቁ በኩል ወደ በሩ አቀኑ። «ውሸት ካለበት ቤት ልጄን አልሰጥም» አሉ፣ ጮክ ሳይሉ። ገነት ነገሩ ገና ሳይገባት ፊቷ ተለወጠ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ነው ልቤ በእውነት የደነገጠው። እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ አሁን ግን የልጅቷ ዕድሜ እኔ ባመጣሁት ነጠላ ተጠቅልሎ በር ሊወጣ ነው።

እኔ ጋሞ የሆንኩት በጋብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ከአማቶቼ ተምሬአለሁ። እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ የተንበረከከን ሰው ማንም አልፎት አይሄድም። ዱላ ይዞ የመጣ ጎረምሳ እንኳ ዱላውን ጥሎ ይመለሳል። አባባ ራሳቸው በስንቱ ፊት ሣር ይዘው ተንበርክከው ስንቱን ጠብ አብርደዋል። ነገር ግን ጣልያን ሱቅ ውስጥ ሣር ከየት ይመጣል? ዓይኔ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ሲሯሯጥ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ አረንጓዴ ነገር አየ። አፈፍ አድርጌ በሩ ላይ ተደፋሁ፤ ሥሩ ያንጠባጠበው ውኃ ክርኔን አረሰው።

አባባ ቆሙ።

«ይሄ ሣር ነው?»

«እርጥብ ነው አባባ!»

«ሣር ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«በሶብላ ነው።»

ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ለእርቅ ነው ወይስ ለሽሮ?» አሉ። ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨው ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። አባባ ግን አልሳቁም። ግን ደግሞ አላለፉኝም፤ እርጥብ እርጥብ ነው። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ፓኦሎን ጠሩት። እኔን ተነሥ ያለኝ ስለሌለ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ።

«ይህንን ማን ደብቅ አለህ?»

ፓኦሎ በርኅራኄ አየኝ። ቢሆንም ጣቱን ዘረጋ። «እሱ።»

«አንተስ?»

«አልደብቅም አልኩት። እኔ አሳማ እበላለሁ። እርስዎ አይበሉም። እኔ ለእርስዎ አልሰጥም። ታዲያ ምን ይደበቃል?»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከበዳቸው መሰለኝ።

«ሳህኑንስ ለምን አነሣህብኝ?»

«በቃኝ አሉ።»

«ስላልኩ አመንከኝ?»

ፓኦሎ ግራ ገብቶት ገነትን አየ፤ እኔን አየ። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት» አለ። «ሽማግሌ ይዋሻል?»

በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሲዋሽ «ጎሜ» ነው፤ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ከብቱን፣ እርሻውን የሚጎዳ ነውር። ይህን አባባ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። እኔ ከመሬት ሆኜ «አባባ፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ ባህል ነው» ልል ስል «አንተ ዝም በል፣ አንተ አሳማ ያስተኛህ ሰው ነህ» አሉኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር። ሲስቁ ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ገነት ልታነሣ ጎንበስ ብላ እሷም በሳቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት!» አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ከጨንቻ ድረስ ሆዴ እየጮኸ መጥቼ በቃኝ እላለሁ! ሦስት ጊዜ!»

ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ገነትን እያዩ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። «እናትሽ ‹ደከመኝ፣ በቃኝ› ትለኝ ነበር። ከማገዶ ስትመለስ፣ ከገበያ ስትመለስ። እኔ ወግ መሰለኝ። ‹አይዞሽ፣ በርቺ› እላት ነበር። በቃኝ ስትል በቃኝ ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ላትነሣ ከተኛች በኋላ ነው።» ጣታቸውን ወደ ፓኦሎ ቀሰሩ። «ይሄ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሰማው። እምቢ ካልሽው እምቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም፤ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ። ትፈልጊዋለሽ?»

ገነት አንገቷን ደፋች። ወጉ እንዲያ ነው። ሴት ልጅ በአባቷ ፊት ስለ ባል ስትጠየቅ መሬት መሬት ታያለች፤ ሽማግሌዎቹም ዝምታዋን ተርጉመው ለጠያቂው ያደርሳሉ። እኔም ከተንበረከክሁበት ሆኜ ለመተርጎም አፌን ከፈትኩ።

«ዝምታ አልቀበልም» አሉ አባባ። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ቃል ቃል ነው። ራስሽ ተናገሪ።»

ገነት ቀና አለች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ዓይኗ ግን አልሸሸም።

«አዎ፣ አባ። እፈልገዋለሁ።»

እንደዚያ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ሰፊው መኪና ቀጥ አለ። አባባ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠለጠሉ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ ፓኦሎ ዞሩ።

«በል ልጄ» አሉት፣ «ያንን ሳህን መልሰው። ርቦኛል።»